ጓሮን በጠፍጣፋ ድንጋይ ማንጠፍ፦ ለወሎ ግቢ የሚሆን መቀመጫ እንዴት እንደሚሠራ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ፣ ጓሮውን ድንጋይ ለማንጠፍ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የድንጋዩን ዋጋ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ የግቢው ውሃ በየት እንደሚወጣ ማወቅ አለበት። ንጣፍን በአብዛኛው የሚያበላሸው ከሥር የሚገባ ውሃ ነው። መውጫ ያጣ ውሃ አሸዋውን ጠርጎ ይሄዳል፣ ድንጋዩ ይሰምጣል፣ አንዱ ጠርዝ ከሌላው ከፍ ይልና ልጅም አዛውንትም ይደናቀፍበታል።

ንድፉ ከውሃው ይጀምራል

ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ጓሮ ውጡ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ የት እንደሚያርፍ፣ ከላይኛው ጎረቤት የሚመጣው በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ካባራ በኋላም የት እንደሚያቁር ተመልከቱ። ወሎ በልግ ስላለው ክረምቱን ብቻ መጠበቅ አያስፈልግም። በጋ ላይ ከሆናችሁ ደለል የተከመረበትንና ሣሩ ሳይደርቅ የሚቆይበትን ቦታ ፈልጉ። ያያችሁትን ሁሉ በወረቀት ላይ በቀስት አስፍሩት። የንድፉ የመጀመሪያ መስመር ይህ ነው፤ የመቀመጫው ቅርጽ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ለዚህ አስተማሪ ለሚፈልግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የዝናብ ውሃ የሚወጣባቸው ቦዮች ከዚያው አለት ተፈልፍለዋል። ጠራቢዎቹ ሕንፃውን ሲያወጡ የውሃውንም መንገድ አብረው አስበዋል። እኛም ለትንሿ ጓሯችን ይህንኑ ማድረግ አያቅተንም።

ንጣፉ ከቤቱ ግድግዳ እየራቀ ሲሄድ በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። 4 ሜትር ስፋት ላለው ቦታ ከዳር እስከ ዳር 8 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ማለት ነው። ለዓይን ብዙም አይታወቅም፣ ወንበርም አያናጋም፣ ውሃው ግን አይቆምም። የንጣፉ ከፍታ ከቤቱ ወለል ቢያንስ በ15 ሴንቲ ሜትር ይነስ። ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ከሆነ ድንጋዩን ከግድግዳው ጋር አታገናኙት፤ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ በጠጠር ሙሉት። ግድግዳው ሥር እርጥበት ከታሰረ የቤቱ እንጨት ከታች ይበሰብሳል። ውሃውን ወደ ጎረቤት ግቢ መልቀቅም ነውር ነው፣ ያጣላልም። ወደ መንገድ ቦይ ወይም ወደ አትክልት መደብ ምሩት።

ጦሳ ተራራ ሥር እንዳሉት የደሴ ግቢዎች መሬታችሁ ተዳፋት ከሆነ፣ ሁሉንም ቆፍሮ አንድ ሜዳ ለማድረግ አትድከሙ። የወሎ ገበሬ በእርከን እንደሚያርሰው ሁሉ ግቢውንም በሁለት ደረጃ ክፈሉት። ላይኛው ለመቀመጫ፣ ታችኛው ለአትክልት ይሁን፤ መሐሉን በድንጋይ ካብ ያዙት። ከካቡ ጀርባ ጠጠር ሙሉ፣ ካቡ በሲሚንቶ የሚገነባ ከሆነም በየ1 ሜትር ከ50 ገደማ ውሃ የሚያስተነፍስ ቱቦ አስገቡ። ካቡ ከ1 ሜትር በላይ ከሆነ በግምት አይሠራም፤ መሐንዲስ ይየው።

ማን ይቀመጥበታል?

አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር ለማስቀመጥ 3 በ3 ሜትር ይበቃል። የእኛ ቤት ግን እንግዳ አያጣም። ረከቦቱ፣ የከሰል ምድጃውና ማጨሻው ቦታ ይይዛሉ፤ ቡና ሊጠጣ የተጠራው ጎረቤት ደግሞ አቦል ላይ ደርሶ በረካን ሳይጠጣ አይነሳም። በርጩማ ዙሪያውን ደርድሮ ከኋላ ሰው እንዲያልፍ 4 በ5 ሜትር ቢሆን እመርጣለሁ። በርበሬ ወይም እህል የምታሰጡበት ከሆነ በድንጋዮቹ መሐል ያለው ክፍተት ጠባብ ይሁን። ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ ድንኳን የሚተከለው እዚያው ከሆነ፣ ምሰሶ በሚቆምበት ቦታ አጭር የብረት ቱቦ ቅበሩና በክዳን ዝጉት። ይህን አሁን ካላሰባችሁ በኋላ ለአንድ ቀን ድንኳን የተነጠፈ ድንጋይ መንቀል ይመጣል። የሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳንና የውሃ መስመር መጋጠሚያ ከንጣፉ ሥር መቀበር የለባቸውም።

ደሴ ብርዳማ ስለሆነች የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው የምሥራቅ ጎን ይሻላል። ኮምቦልቻ ግን ከሰዓት በኋላ ስለሚሞቅ በምዕራብ በኩል ዛፍ ወይም ዳስ ቢኖር ጥሩ ነው። ባሕር ዛፍ አጠገብ አታንጥፉ፤ ሥሩ ንጣፉን ያነሳዋል።

ድንጋዩን መምረጥ

የወሎ ደጋ ጥቁር ድንጋይ ለዚህ ሥራ የታደለ ነው። ጠንካራ ነው፣ ውሃ አይመጥም፣ እግርም ቶሎ አይጨርሰውም። ድንጋዩ የሚወጣበት ካባ ድረስ ሄዳችሁ ምረጡ እንጂ በስልክ አትዘዙ። ድንጋዩን በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ስትመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ጤነኛ ነው፤ የታፈነ ድምፅ ካሰማ ውስጡ ስንጥቅ አለ። ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ወዲያው መጥጦ ከጠቆረ ለንጣፍ አይሆንም። ቀይና ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለላይ ንጣፍ ይለሰልሳል፣ ከካብ ጀርባ ለሚሞላ ግን ቀላልና ውሃ የሚያሳልፍ በመሆኑ ይጠቅማል። ፊቱ በማሽን የተወለወለ ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፤ ለጓሮ አታስቡት።

ውፍረቱ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ የሳሳው ሰው ሲቆምበት ይሰበራል። ትልልቁ ቢበዛ ይመረጣል፤ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ጥቁር ድንጋይ ግን በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 50 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ለሁለት ሆናችሁ አንሱት።

ለ4 በ5 ሜትር ቦታ ለ22 ወይም ለ23 ካሬ የሚበቃ ድንጋይ ያስፈልጋል፤ ትርፉ ለሚሰበረውና ለሚጠረበው ነው። ጠጠር 3 ሜትር ኩብ፣ አሸዋ 1 ሜትር ኩብ ያዙ። ሾፌሩ በቢያጆ፣ ማለትም በአንድ መኪና ጭነት፣ ሲያወራችሁ መኪናው ስንት ሜትር ኩብ እንደሚጭን ጠይቁ፣ የሁሉም መኪና አንድ አይደለምና። አሸዋው ሻካራ ይሁን። እፍኝ ጨብጣችሁ ስትለቁት መዳፋችሁን በጭቃ ከቀባው ደለል አለበት፤ መልሱት።

መቀየስ

በአራቱ ማዕዘን ችካል ትከሉና ሲባጎ ወጥሩ። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ በአንዱ ሲባጎ ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው ላይ 4 ሜትር ለኩና ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መሐል ያለው ርቀት ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው።

ለከፍታው ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ ልክ ቱቦ ተዋሱ። ውስጡ የሚታይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ውሃ ሙሉበት፣ የአየር አረፋ እንዳይቀር በጣት እየነካችሁ አስወጡ። አንዱን ጫፍ ቤቱ አጠገብ ካለው ችካል ጋር፣ ሌላውን ከታችኛው ችካል ጋር ያዙ። ውሃው መዋለሉን ሲያቆም በሁለቱም ጫፍ ያለው ደረጃ እኩል ነው፤ እዚያ ላይ በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ ታችኛው ችካል ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ለክታችሁ ሲባጎውን በዚያ እሰሩ። ከዚህ በኋላ ሥራውን የሚመራው ሲባጎው ነው፤ በዓይን ግምት አትለውጡት።

መቆፈርና መጠቅጠቅ

ጥቅምትና ኅዳር ለዚህ የተመቹ ናቸው። ዝናቡ ቆሟል፣ መሬቱ ግን ገና ስላልደረቀ ዶማ ይይዛል። ለድንጋዩ 5፣ ለአሸዋው 3፣ ለጠጠሩ 12፣ በድምሩ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ። የላይኛውን ለም አፈር አትጣሉት፣ ለጓሮ አትክልት ይሆናል።

መሬቱ ዋልካ ከሆነ ነገሩ ይለያል። የቦርከናን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ዋልካ ክረምት ላይ እንደሚያብጥ፣ በጋ ላይ እጅ እስኪያስገባ እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። በዚያ ላይ የተቀመጠ ንጣፍ ከመሬቱ ጋር ሲነሳና ሲወርድ ይኖራል። እዚያ ቢያንስ 35 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩና ትርፉን ጠጠር በተቀላቀለበት የመሙያ አፈር፣ በገረጋንቲ፣ ተኩት። ወጪው ይጨምራል፤ እዚህ ላይ መቆጠብ ግን ሥራውን ከሁለት ክረምት በኋላ እንደገና መጀመር ነው።

ጠጠሩን በአንድ ጊዜ አትገልብጡት። 6 ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሱ፣ ውሃ ርጩበት፣ ጠቅጥቁ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ድገሙ። የመጠቅጠቂያ ማሽን የሚከራይ ካለ ጥሩ፣ ከሌለ ከባድ የእጅ መጠቅጠቂያ ይሠራል። ተረከዛችሁን አሳርፋችሁ ስትረግጡት ምልክት ካልቀረ በቅቶታል። ተዳፋቱ እዚህ ላይ መውጣት አለበት። አሸዋ በመቆለል የሚመጣ ተዳፋት አይቆይም።

መደርደር

አሸዋውን ከማልበሳችሁ በፊት ድንጋዮቹን ሣሩ ላይ ዘርግታችሁ እያዟዟራችሁ አጋጥሙ። የሥራው ደስታም ትዕግሥቱም እዚህ ነው። ትልልቆቹን በሩ ፊት ለፊትና በዳር በዳሩ አድርጉ፤ ዳር ላይ ትንሽ ድንጋይ ቶሎ ይነቀላል። የአራት ድንጋዮች ጥግ በአንድ ነጥብ እንዳይገናኝ፣ ክፍተቱም ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ እንዳይሄድ ተጠንቀቁ። ክፍተቱ ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የማይገጥመውን ጠርዝ በመሮና በመዶሻ ጥረቡት፣ ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ።

ከዚያ አሸዋውን 3 ሴንቲ ሜትር አልብሱና ድንጋዩን ከላይ ወደ ታች ልቀቁት እንጂ አትግፉት፤ ሲገፋ አሸዋውን ከፊቱ ይቆልለዋል። በጎማ መዶሻ መሐሉን መቱ። አራቱም ጥግ ላይ ተራ በተራ ቁሙበት። ከተወዛወዘ አንሱት፤ ከሥሩ አሸዋው ላይ የቀረው ምልክት የት እንደጎደለ ያሳያችኋል፣ እዚያ ጨምሩ። ወጣ ገባ ውፍረት ያለውን ድንጋይ አሸዋውን ጭራችሁ ዝቅ አድርጉት። ተንበርክካችሁ የምትሠሩት በተነጠፈው በኩል ሆናችሁ ይሁን፣ የተስተካከለውን አሸዋ አትርገጡት።

ክፍተቱን በሲሚንቶ ይሙሉት ወይስ በአሸዋ? ብዙ ሰው ለንጽሕናው ብሎ ሲሚንቶ ይመርጣል። እኔ በአሸዋና በደቃቅ ጠጠር እላለሁ። መሬቱ ሲንቀሳቀስ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውሃም መውጫ ያጣል። አሸዋ ግን ውሃውን ያሳልፋል፣ አንድ ድንጋይ ቢሰምጥም እሱን ብቻ አንስቶ ማስተካከል ይቻላል። ደረቅ አሸዋ በመጥረጊያ አስገቡ፣ ውሃ ርጩ፣ ሲሰምጥ ደግማችሁ ሙሉ። ሰው በማይረግጠው ዳር ላይ ጦስኝ ብትተክሉ ደጋ ላይ በደንብ ይይዛል፣ ሽታውም ለቡናው ይስማማል።

ዙሪያውን በቆመ ድንጋይ በሲሚንቶ አስራችሁ ዝጉ፤ ዳሩ ካልታሰረ መሐሉ ይፈታል። በዝቅተኛው ጎን ግን ውሃ የሚወጣበት ክፍተት ተዉ።

ሥራው ከግንቦት በፊት ይለቅ። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ውጡና ያቆረበትን ቦታ በጠመኔ አክብቡት፤ ክረምቱን አትንኩት፣ መሬቱ ቦታውን ይያዝ። መስከረም ካለፈ በኋላ ምልክት የተደረገባቸውን ድንጋዮች በዲጂኖ አንሱ፣ ከሥር ጠጠርና አሸዋ ጨምራችሁ ጠቅጥቁ፣ መልሳችሁ አስቀምጡ፣ ክፍተቱንም እንደገና በአሸዋ ሙሉ።