በማይኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ፕለጊን እንዴት ይጫናል? እንዴትስ ይራገፋል?

ማይኤስኪውኤል በሚባለው የዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ፕለጊን (ለሰርቨሩ ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ ተቀጥላ ፕሮግራም) ለመጫን አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል፤ ለማራገፍም እንዲሁ። ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም፣ ሥራ ላይ ያለውንም ሰው አይነካም። ሰውን የሚያዘናጋው ይህ ቅለቱ ነው። የተጫነው በትክክል መጫኑ፣ የተራገፈውም ሙሉ በሙሉ መራገፉ የሚታወቀው ሰርቨሩ በሚቀጥለው ጊዜ ጠፍቶ ሲነሳ ነው፤ ያ ቀን ደግሞ ሌሊቱን መብራት ሄዶ ያደረበት ቀን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከትእዛዞቹ በላይ የማተኩረው ከትእዛዞቹ በፊትና በኋላ መታየት ባለባቸው ነገሮች ላይ ነው።

ለምሳሌ የምጠቀመው ኮኔክሽን ኮንትሮል የሚባለውን ፕለጊን ነው። ከማይኤስኪውኤል 8.0 እና 8.4 ጋር አብሮ ይመጣል፣ ክፍያ የለውም፣ ሥራውም ግልጽ ነው፦ አንድ ሰው ፓስወርድ እየገመተ ደጋግሞ ለመግባት ሲሞክር ሰርቨሩ መልሱን ያዘገይበታል። ኢንተርኔት ላይ የተጋለጠ ዳታቤዝ ያለው ሰው ሁሉ ቢጭነው ደስ ይለኛል።

ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የምትጽፏቸው። በስሞች መካከል ያለችው ዝቅ ያለች ሰረዝ (አንደርስኮር) የስሙ አካል ስለሆነች አትዝለሏት።

መጀመሪያ ያለውን እዩ

ሩት በሚባለው ሙሉ ሥልጣን ባለው ዩዘር ወደ ማይኤስኪውኤል ግቡና ይህን ጻፉ፦

ሾው ፕለጊንስ;

ረጅም ሰንጠረዥ ይመጣል። ከዚህ በፊት ምንም ፕለጊን ያልጫነ ሰው ብዛቱን ሲያይ ይደነግጣል፤ ግን አብዛኛዎቹ ከሰርቨሩ ጋር ተዋህደው የተሠሩ ናቸው። ዳታችን የሚቀመጥበት ኢኖዲቢ ራሱ እዚህ ዝርዝር ውስጥ አለ። ልዩነቱን የሚነግራችሁ «ላይብረሪ» የሚለው ዓምድ ነው፦ «ነል» (ባዶ) ካለ አብሮ የተሠራ ስለሆነ ማራገፍ አይቻልም፤ የፋይል ስም ካለ ግን ከውጭ የተጫነ ነው። «ስቴተስ» የሚለው ዓምድ ላይ «አክቲቭ» ካለ ፕለጊኑ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ የፕለጊን ፋይሎች የሚቀመጡበትን ፎልደር ጠይቁት፦

ሾው ቫሪያብልስ ላይክ 'ፕለጊን_ዲር';

ኡቡንቱ ላይ ብዙውን ጊዜ መልሱ «/ዩኤስአር/ሊብ/ማይኤስኪውኤል/ፕለጊን/» ነው፤ በሬድ ሃት ቤተሰብ ደግሞ «ሊብ» የነበረው «ሊብ64» ይሆናል። ወደዚህ ፎልደር ሄዳችሁ ኮኔክሽን_ኮንትሮል.ኤስኦ የሚባል ፋይል መኖሩን አረጋግጡ። ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ የፋይሉ መጨረሻ ዲኤልኤል ነው።

እግረ መንገዳችሁን ፎልደሩ የማን እንደሆነም ተመልከቱ። ባለቤቱ የኮምፒውተሩ ሩት መሆን አለበት፤ ሰርቨሩ የሚሠራበት «ማይኤስኪውኤል» የሚባለው ዩዘር እዚያ ውስጥ መጻፍ መቻል የለበትም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በዳታቤዙ በኩል ፋይል የመጻፍ መብት ያለው ሰው «ሴሌክት ኢንቱ ደምፕፋይል» በሚለው ትእዛዝ የራሱን ፕሮግራም እዚያ አስቀምጦ፣ እንደ ፕለጊን ሊጭነው ይችላል። ፕለጊን ማለት ሰርቨሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ በሰርቨሩ ሙሉ አቅም የሚሠራ ኮድ ነው። ምንጩን ከማታውቁት ድረ ገጽ ያወረዳችሁትን ፋይል እዚህ ፎልደር ውስጥ በፍጹም አታስገቡ።

መጫን

ለመጫን «ማይኤስኪውኤል.ፕለጊን» በሚባለው የሲስተም ሰንጠረዥ ላይ የኢንሰርት መብት ያስፈልጋል፤ ሩት አለው። አሁን እነዚህን ሁለት መስመሮች አንድ በአንድ አስገቡ፦

ኢንስቶል ፕለጊን ኮኔክሽን_ኮንትሮል ኤስኦኔም 'ኮኔክሽን_ኮንትሮል.ኤስኦ';

ኢንስቶል ፕለጊን ኮኔክሽን_ኮንትሮል_ፌይልድ_ሎጊን_አተምፕትስ ኤስኦኔም 'ኮኔክሽን_ኮንትሮል.ኤስኦ';

ፋይሉ አንድ ሆኖ ፕለጊኑ ሁለት መሆኑን ልብ በሉ። ይህን ምሳሌ የመረጥኩትም ለዚህ ነው፦ ብዙ ሰው የፋይሉን ስምና የፕለጊኑን ስም አንድ አድርጎ ያስባል። የመጀመሪያው ማዘግየቱን ይሠራል፤ ሁለተኛው ማን ስንት ጊዜ እንደተሳሳተ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይከፍታል።

ቁጥር 1126 ያለው ስህተት ከመጣ ሰርቨሩ ፋይሉን መክፈት አልቻለም፦ ወይ ስሙን አሳስታችኋል፣ ወይ ፋይሉ ትክክለኛው ፎልደር ውስጥ የለም፣ ወይም ለሌላ ቨርዥን የተሠራ ነው። ቁጥር 1125 ከሆነ ቀድሞ ተጭኗል ማለት ነው፤ አትጨነቁ።

ኢንስቶል ፕለጊን ሁለት ሥራ በአንድ ላይ ይሠራል። ፕለጊኑን አሁኑኑ ያስነሳል፤ ስሙንም በማይኤስኪውኤል.ፕለጊን ሰንጠረዥ ውስጥ ይመዘግባል። ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር ይህን መዝገብ አይቶ ፕለጊኑን መልሶ ይጭናል።

ሌላም መንገድ አለ፦ ሰርቨሩ ሲነሳ ቅንብሩን የሚያነብበት ኮንፊገሬሽን ፋይል ውስጥ «ፕለጊን-ሎድ-አድ» የሚል መስመር መጨመር። በዚህ መንገድ የገባ ፕለጊን መዝገቡ ላይ አይሰፍርም፤ መስመሩ እስካለ ድረስ ብቻ ይጫናል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ አንዱን ምረጡና በእሱ ጽኑ። ሁለቱንም ካደረጋችሁ ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር ኤረር ሎጉ (ሰርቨሩ ስህተቶቹን የሚጽፍበት ፋይል) ውስጥ «ቀድሞ አለ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይከማቻል፤ ሊያራግፈው የመጣውም ሰው አንዱን አጥፍቶ ሌላውን ይረሳል።

መሞከር

ሾው ፕለጊንስ ብላችሁ ከዝርዝሩ መጨረሻ ሁለቱን ስሞች ካያችሁ በኋላ በዓይናችሁ ፈትኑት። ሌላ ተርሚናል ክፈቱና በአንድ የሙከራ ዩዘር የተሳሳተ ፓስወርድ አስገቡ። ሦስት ጊዜ «አክሰስ ዲናይድ» ወዲያው ይመጣል። አራተኛው ላይ ኤንተር ስትመቱ ጠቋሚዋ ባዶ መስመር ላይ ቆማ አንድ ሰከንድ ትጠብቃለች። አምስተኛው ላይ ሁለት ሰከንድ፣ ስድስተኛው ላይ ሦስት። በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ለመገመት የተዘጋጀ ፕሮግራም እዚህ ላይ ነው ጉልበቱ የሚያልቀው።

ሦስት ጊዜ የሚለው መነሻ ቅንብር ነው። ሠራተኞቻችሁ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱ ከሆነ ወደ አምስት ማሳደግ ትችላላችሁ፦

ሴት ግሎባል ኮኔክሽን_ኮንትሮል_ፌይልድ_ኮኔክሽንስ_ትሬሾልድ = 5;

ይህ ግን ሰርቨሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንዲዘልቅ ከፈለጋችሁ ያንኑ ስም ኮንፊገሬሽን ፋይሉ ውስጥ «ማይኤስኪውኤልዲ» በሚለው ርእስ ሥር ትጽፉታላችሁ። ስትጽፉትም ከጎኑ በ# አስተያየት ቀኑንና የየትኛው ፕለጊን ቅንብር እንደሆነ አስፍሩ። ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ከዚህች መስመር ጋር የተያያዘ ነው።

ማራገፍ

በአንድ መሥሪያ ቤት ይህንኑ ፕለጊን ጭኜ፣ በኋላ ማዘግየቱን ፋየርዎሉ እንዲሠራው ስለወሰንን አራገፍኩት። ትእዛዙ ሠራ፣ ሰርቨሩም ምንም አልሆነም። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ሌሊት መብራት ሄደ፣ የዩፒኤሱም ባትሪ አለቀ። ጠዋት መብራት ሲመጣ ሌላው ሁሉ ተነሳ፤ ዳታቤዙ ግን እምቢ አለ። ገንዘብ ተቀባዮቹ ደረሰኝ መቁረጥ አቃታቸው፣ ሰልፉ እስከ ደረጃው ወረደ። ዲስኩ ተበላሽቷል ብዬ ባክአፕ ወደ መፈለግ ገብቼ ነበር። በመጨረሻ ኤረር ሎጉን ስከፍት ያገኘሁት አንድ መስመር ነው፦ «አንኖውን ቫሪያብል» (የማይታወቅ ቅንብር)፣ ከዚያ ከላይ ያየነው የትሬሾልድ ቅንብር ስም፣ ከሥሩም «አቦርቲንግ» (አቋርጫለሁ)። ፕለጊኑ ስለሌለ ሰርቨሩ ቅንብሩን አላወቀውም፤ የማያውቀው ቅንብር ኮንፊገሬሽን ፋይሉ ውስጥ ካገኘ ደግሞ አይነሳም። ሰርቨሩ እንዲዘለው በመስመሩ ፊት # ስጨምር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተነሳ። ያቺ አንድ ደቂቃ ግን ከሁለት ሰዓት ፍለጋ በኋላ ነው የመጣችው።

ስለዚህ በማራገፍ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ ኮንፊገሬሽን ፋይሎቹን ሁሉ (አንድ ብቻ አይደሉም፤ ኡቡንቱ ላይ በኮንፍ.ዲ ፎልደሮች ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ) በፕለጊኑ ስም ፈልጋችሁ ከእሱ ጋር የተያያዘውን መስመር ሁሉ አንሱ፣ ፕለጊን-ሎድ-አድ ካለም ጨምሮ። ከዚያ፦

አንኢንስቶል ፕለጊን ኮኔክሽን_ኮንትሮል_ፌይልድ_ሎጊን_አተምፕትስ;

አንኢንስቶል ፕለጊን ኮኔክሽን_ኮንትሮል;

ለዚህ በዚያው በማይኤስኪውኤል.ፕለጊን ሰንጠረዥ ላይ የዲሊት መብት ያስፈልጋል። የፋይሉን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ፕለጊኑ በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ ከሆነ «ተይዟል፣ ሰርቨሩ ሲጠፋ ይራገፋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ስህተት አይደለም። ቁጥር 1305 ከመጣ ግን በዚያ ስም የተጫነ ፕለጊን የለም።

በመጨረሻም ሰርቨሩን ራሳችሁ፣ በመረጣችሁት ሰዓት፣ ሰው በሌለበት ሪስታርት አድርጉት። ይህን እርምጃ የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምናገረው ስለ እሱ ነው። ከ8.0.16 ጀምሮ ኮንፊገሬሽኑን ሳይነሳ የሚፈትሽ «ቫሊዴት-ኮንፊግ» የሚባል አማራጭ አለ፤ ነገር ግን በፍተሻው ጊዜ ፕለጊኖችን ስለማያስነሳ የፕለጊን ቅንብሮችን አያጣራም። ለዚህኛው ችግር ከእውነተኛ ሪስታርት ሌላ ማረጋገጫ የለም።

ቅንብሩ የግድ መቆየት ካለበት በስሙ ፊት «ሉስ_» የሚል ቅጥያ ጨምሩበት። ያኔ ሰርቨሩ ቅንብሩን ባያውቀው አስጠንቅቆ ያልፈዋል።

እንዳይራገፍ የታሰረ ፕለጊን

ቁጥር 1702 ያለው ስህተት ከመጣ ፕለጊኑ «ፎርስ_ፕላስ_ፐርማነንት» በሚል ቅንብር ታስሯል። የደኅንነት ፕለጊኖችን እንዲህ ማሰር ጥሩ ልማድ ነው፤ ሰርጎ የገባ ሰው በአንድ ትእዛዝ እንዳያወርዳቸው። ለማራገፍ ያንን መስመር ከኮንፊገሬሽኑ አውጡ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ከዚያ አራግፉ። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ በዚህ ቅንብር የታሰረ ፕለጊን ራሱ መነሳት ካቃተው ሰርቨሩም አይነሳም።

ሳይጠይቁ የማይነኩ ሁለት ዓይነቶች

ከላይ ያየነው ፕለጊን ቢራገፍ የሚጎድለው ጥበቃ ብቻ ነው። የመግቢያ ፕለጊኖች ግን ከዚህ ይለያሉ። ኡቡንቱ ላይ ሩት ያለ ፓስወርድ በ«ሱዶ» (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬጃ) የሚገባው ኦት_ሶኬት በሚባል ፕለጊን በኩል ነው። እሱን ካራገፋችሁ ሩት ራሱ በሩ ላይ ይቀራል። የመግቢያ ፕለጊን ከመንካታችሁ በፊት ማን እንደሚጠቀምበት እዩ፦

ሴሌክት ዩዘር, ሆስት, ፕለጊን ፍሮም ማይኤስኪውኤል.ዩዘር;

ይህ ጥያቄ ቨርዥን ለምታሳድጉም ይጠቅማል፤ የድሮው ማይኤስኪውኤል_ኔቲቭ_ፓስወርድ በ8.4 ላይ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ከ9.0 ጀምሮ ደግሞ ጨርሶ የለም።

ሁለተኛው ዓይነት የስቶሬጅ ኢንጂን፣ ማለትም እንደ ኢኖዲቢ ዳታ የሚያስቀምጥ፣ ፕለጊን ነው። ኢንጂኑ ከተራገፈ በእሱ የተሠሩ ሰንጠረዦች አይከፈቱም። አስቀድማችሁ በ«ኢንፎርሜሽን_ስኪማ.ቴብልስ» ውስጥ በ«ኢንጂን» ዓምድ ፈልጉ፤ የተገኘውን ሁሉ በ«ኦልተር ቴብል» ወደ ኢኖዲቢ ቀይሩ።

ፕለጊን መስሎ ፕለጊን ያልሆነ

የፓስወርድ ጥንካሬ የሚለካው ቫሊዴት_ፓስወርድ በ5.7 ዘመን ፕለጊን ነበር። ከ8.0 ወዲህ «ኮምፖነንት» በሚል ሌላ አሠራር ነው የሚመጣው፤ የሚጫነውም «ኢንስቶል ኮምፖነንት 'ፋይል://ኮምፖነንት_ቫሊዴት_ፓስወርድ'» በሚል ነው፣ የሚራገፈውም በ«አንኢንስቶል ኮምፖነንት»። የቅንብሮቹም ስም ተቀይሯል፦ ከ«ቫሊዴት_ፓስወርድ» በኋላ አንደርስኮር የነበረው ነጥብ ሆኗል። በሾው ፕለጊንስ ዝርዝር ውስጥ ስላጣችሁት አልተጫነም ብላችሁ አትደምድሙ፤ «ማይኤስኪውኤል.ኮምፖነንት» የሚለውን ሰንጠረዥ እዩ።

ማሪያዲቢ (ከማይኤስኪውኤል የተወለደ ሌላ ዳታቤዝ) ላይ ከሆናችሁ ደግሞ «ኢንስቶል ኤስኦኔም» የሚል አጭር ትእዛዝ አለ፤ ፋይሉ ውስጥ ያለውን ፕለጊን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጭናል፣ የፋይሉን ቅጥያ መጻፍም ግዴታ አይደለም።

ሪፕሊካ (የዋናውን ሰርቨር ዳታ እየገለበጠ የሚይዝ ሌላ ሰርቨር) ያላችሁም አትርሱ፦ የመጫንና የማራገፍ ትእዛዞች ወደ ሪፕሊካው አይተላለፉም፤ እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ለየብቻ ይሠራሉ።

ሰርቨሩ ካልተነሳ

በቅድሚያ ኤረር ሎጉን ክፈቱ፤ ኡቡንቱ ላይ «/ቫር/ሎግ/ማይኤስኪውኤል/ኤረር.ሎግ» ነው። ከታች ወደ ላይ አንብቡ። «አንኖውን ቫሪያብል» ካለ መፍትሔው ከላይ የነገርኳችሁ # ነው።

ጥፋተኛው ፕለጊኑ ራሱ ከሆነ፣ ማለትም ሰርቨሩን በተነሳ ቁጥር የሚጥለው ከሆነ፣ ኮንፊገሬሽኑ ውስጥ «ስኪፕ-ግራንት-ቴብልስ» ጨምራችሁ አስነሱት። በዚህ ሁኔታ መዝገቡ ላይ ያሉት ፕለጊኖች አይጫኑም። ነገር ግን አንኢንስቶል ፕለጊን የሚለው ትእዛዝም አይሠራም፤ ስለዚህ ስሙን በቀጥታ ከመዝገቡ ትሰርዛላችሁ፦

ዲሊት ፍሮም ማይኤስኪውኤል.ፕለጊን ዌር ኔም = 'የፕለጊኑ ስም';

በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰርቨር ለሚመጣ ሁሉ ያለ ፓስወርድ በሩን ይከፍታል። 8.0 ለጥንቃቄ ከኔትወርክ የሚመጣውን ግንኙነት ራሱ ይዘጋዋል፤ ቢሆንም መሰረዙን እንደጨረሳችሁ ስኪፕ-ግራንት-ቴብልስ የሚለውን መስመር አውጡና እንደገና አስነሱት። ሲነሳ ሾው ፕለጊንስ ብላችሁ ስሙ መጥፋቱን እዩ፤ ከዚያ በፊት ሠራተኞቹን «ግቡ» አትበሏቸው።