አረጋውያንን ለመውደቅ የሚዳርጉ የመድኃኒት አጠቃቀም ስህተቶች

ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል ከሦስቱ አንዱ ገደማ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይወድቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት በመውደቅ ምክንያት በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን ያጣሉ፤ ከእነዚህም መካከል ከፍተኛውን ቁጥር የሚይዙት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ናቸው። ውድቀት ከደረሰ በኋላ ቤተሰብ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደረጃው፣ ስለ ምንጣፉ ወይም ስለ ጫማው ነው። እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ቢሆኑም፣ አዛውንቱ በዚያ ቀን ምን ምን መድኃኒት እንደወሰዱ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ አይገኝም። የጉልበት መድከምንና የዓይን መፍዘዝን ማስተካከል አስቸጋሪ ሲሆን፣ የመድኃኒትን ዓይነት፣ መጠንና ሰዓት ማስተካከል ግን በአብዛኛው ይቻላል።

ውድቀትን የዕድሜ ጣጣ አድርጎ ማለፍ

ይህ ስህተት ሌሎቹን ሁሉ ስለሚሸፍን መቅደም ይገባዋል። አዛውንቱ ወድቀው ሳይሰበሩ ከተነሱ ጉዳዩ በዚያው ይቀራል፤ እሳቸውም ብቻዬን እንዳልወጣ እከለከላለሁ ብለው ስለሚሰጉ ለሐኪም ቀርቶ ለልጆቻቸው እንኳ አይናገሩም። በዚህም የተነሳ ለውድቀቱ ምክንያት የሆነው መድኃኒት በሚቀጥለው ቀጠሮ እንደገና ይታዘዛል። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ዳግም የመውደቅ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ጉዳት ያላደረሰ ውድቀትም ቢሆን በስንት ሰዓትና የትኛው መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ እንደተከሰተ ተመዝግቦ ለሐኪም ሊነገር ይገባል። በተለይ አዲስ መድኃኒት በተጀመረባቸው ወይም መጠኑ በተጨመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ውድቀት ከደረሰ፣ በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት መድኃኒቱ ነው።

ለዓመታት የተስማማ መድኃኒት ሁልጊዜም ይስማማል ብሎ ማመን

«ይህን መድኃኒት ከሃያ ዓመት በላይ ወስጄዋለሁ፣ ምንም አላደረገኝም» የሚለው አባባል አሳማኝ ቢመስልም ስህተት ነው። መድኃኒቱ ባይለወጥም የሚቀበለው ሰውነት ተለውጧልና። ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊትና ጉበት መድኃኒትን የሚያስወግዱበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ በሰውነት ውስጥ የውሃው ድርሻ ሲያንስ የስቡ ድርሻ ይጨምራል፤ በስብ ውስጥ የሚከማቹ መድኃኒቶችም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። ለዚህ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ማጣት የሚታዘዘው ዳያዜፓም ጥሩ ማሳያ ነው። በሃያ ዓመት ወጣት ሰውነት ውስጥ ያለው የዳያዜፓም መጠን በግማሽ ለመቀነስ 20 ሰዓት ያህል ሲወስድበት፣ በሰማንያ ዓመት አረጋዊ ሰውነት ውስጥ ግን 80 ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በየምሽቱ አንድ ክኒን የሚወስዱ አዛውንት ዛሬ የዋጡት ገና ሳይወጣ የነገው ይጨመርበታል፤ ጠዋት ሲነሱ እግራቸው የሚንገዳገደውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ቢርስ መሪነት በ1991 የታተመውና ዛሬ በአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በየጊዜው የሚታደሰው መመሪያ፣ አረጋውያን በተቻለ መጠን ሊርቋቸው የሚገቡ መድኃኒቶችን የሚዘረዝረው ከዚህ በመነሳት ነው። ዳያዜፓምን የመሳሰሉ ማረጋጊያዎች፣ እንደ ዞልፒዴም ያሉ የእንቅልፍ ክኒኖችና ለድብርት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። እንደ ትራማዶል ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችና ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ መድኃኒቶችም ከውድቀት ጋር ግንኙነት እንዳላቸው በሚገባ የታወቀ ነው።

ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት አይጎዳም ብሎ ማሰብ

ለጉንፋን፣ ለአለርጂና ለማሳከክ የሚሸጡት እንደ ክሎርፊኒራሚን፣ ዳይፈንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚን ያሉ ቆየት ያሉ መድኃኒቶች እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ብዙ ሰዎችም ሆነ ብለው ለዚሁ ሲሉ ይወስዷቸዋል። በአረጋውያን ላይ ግን ከእንቅልፉ ባሻገር የዓይን ብዥታ፣ የሐሳብ መምታታትና የሽንት መቋጠር ሊያስከትሉ ይችላሉ። ሌሊት በጨለማ የሚነሳ ሰው ዓይኑም ሐሳቡም ከተምታታበት፣ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚያደርሰው አጭር መንገድ አደገኛ ይሆንበታል። በላዩ ላይ አልኮል ሲታከልበት ጉዳቱ የባሰ ይሆናል። የዓይን ጠብታም ቢሆን ከዚህ ውጭ አይደለም፤ ለግላኮማ (የዓይን ነርቭን ለሚጎዳ ሕመም) የሚታዘዘው ቲሞሎል ወደ ደም ገብቶ የልብ ምትን ሊያዘገይና ራስን ሊያስት እንደሚችል ብዙ ቤተሰብ ስለማያውቅ፣ የመድኃኒት ዝርዝር ሲጠየቅ ጠብታውን አይጠቅስም።

የደም ግፊትን ተቀምጦ ብቻ መለካት

በዚህ ስህተት ላይ ሰፋ ብሎ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በቀላሉ የሚታረም ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ የሚታለፍ ነው። ተቀምጠው ሲለኩ ግፊታቸው የተስተካከለ የሚመስል አዛውንት ብድግ ሲሉ ግፊታቸው በድንገት ሊወርድ ይችላል። ከመተኛት ወደ መቆም በተሸጋገሩ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ፣ ሐኪሞች ሲነሱ የሚከሰት የግፊት መውረድ አለ ይላሉ። ለዚህ ምክንያት ከሚሆኑት መካከል የደም ግፊት መድኃኒቶች፣ የሚያሸኑ መድኃኒቶች፣ ለፕሮስቴት ዕጢ የሚታዘዙት ታምሱሎሲንና ዶክሳዞሲን እንዲሁም የድብርት መድኃኒቶች ይገኙበታል። እያንዳንዱ ለብቻው ችግር ባይፈጥር እንኳ ሁለቱና ሦስቱ ሲደራረቡ ውጤቱ የተለየ ይሆናል። ስለዚህ ለአምስት ደቂቃ ያህል ከተኙ በኋላ፣ ከዚያም ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ መለካት ያስፈልጋል፤ በቤት ውስጥ መለኪያ ያለው ቤተሰብም ይህን አድርጎ ቁጥሮቹን ለሐኪሙ ማሳየት ይችላል። ሲለኩ አጠገባቸው የሚደግፍ ሰው መኖሩ የግድ ነው።

ቁጥሩ ወረደ ተብሎ ግን የግፊት መድኃኒትን በራስ ሥልጣን መተው መፍትሔ አይሆንም፤ ያልታከመ የደም ግፊት ስትሮክን ያስከትላልና። ሐኪሙ መጠኑን፣ ዓይነቱን ወይም የሚወሰድበትን ሰዓት እስኪያስተካክል ድረስ፣ ከአልጋ ሲነሱ ጥቂት ጊዜ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ከዚያም የሚይዙት ነገር አጠገብ ሆኖ ቀስ ብሎ መቆም ይጠቅማል።

አንዱ መድኃኒት ያመጣውን በሌላ መድኃኒት ማከም

ለደም ግፊት አምሎዲፒን የጀመሩ ሴት ቁርጭምጭሚታቸው ያብጣል እንበል። እብጠቱ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ተደርጎ የሚያሸናው ፉሮሴማይድ ይታዘዝላቸዋል፤ ፉሮሴማይዱ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሳቸዋል፤ ሰውነታቸውም ፈሳሽና ጨው ያጣል፤ አንድ ሌሊትም ይወድቃሉ። እብጠቱ የመድኃኒቱ ጠባይ መሆኑን ገና ከመነሻው የጠየቀ ሰው ቢኖር ኖሮ ሁለተኛው መድኃኒት ባላስፈለገ ነበር። በተመሳሳይ መንገድ፣ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ እንደ ፓርኪንሰን ያለ መንቀጥቀጥና የእርምጃ መጎተት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ሳይታወቅ ቀርቶ የፓርኪንሰን መድኃኒት ከተጨመረ እሱ ደግሞ በበኩሉ ግፊትን ያወርዳል። አረጋውያን ብዙ ጊዜ የሚታከሙት በተለያዩ ሐኪሞች ስለሆነ ይህን ሰንሰለት ከአንድ ቦታ ሆኖ የሚያይ አይገኝም። ስለዚህ አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጠብታውን፣ ቫይታሚኑንና የባሕል መድኃኒቱን ጨምሮ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ይዞ ለአንድ ሐኪም ወይም ለፋርማሲስት ማሳየት ይኖርበታል። ሲታይ አንድ ዓይነት መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም እየተዋጠ መገኘቱም ያጋጥማል።

ደንግጦ በአንድ ቀን ማቋረጥ

ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዳያዜፓምና መሰሎቹ በድንገት ሲቆሙ ከባድ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አልፎ ተርፎም የሚጥል ሕመም ሊያስከትሉ ይችላሉ። የሚበጀው በሐኪም ክትትል በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። በ1999 በታተመ አንድ የኒውዚላንድ ጥናት ላይ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶችን ቀስ በቀስ ያቆሙ አረጋውያን ውድቀት በ66 በመቶ ቀንሷል። ከእነሱ መካከል ግን ወደ ግማሽ የሚጠጉት ጥናቱ ባበቃ በአንድ ወር ውስጥ ወደ መድኃኒቱ ተመልሰዋል፤ ስለዚህ ማቆሙ ብቻ ሳይሆን ለእንቅልፍ ማጣቱ ሌላ መላ መፈለጉም አብሮ መታቀድ አለበት።

ሰዓቱን ችላ ማለት

የሚያሸና መድኃኒት ሐኪሙ ሌላ ካላለ ጠዋት ቢወሰድ ይመረጣል። ለስኳር ሕመም የሚወሰዱት ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን ደግሞ ምግብ ከተዘለለ ስኳርን ከመጠን በላይ ያወርዳሉ፤ አዛውንቱ ላብ ላብ ሲላቸው፣ ሲንቀጠቀጡ ወይም ንግግራቸው ሲወላገድ ስኳራቸው ሊለካ ይገባል።

ቫይታሚን ዲ በበዛ ቁጥር ይጠቅማል ማለት

እጥረት ያለበት ሰው መውሰዱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በ2010 በአውስትራሊያ ይፋ በሆነ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሴቶች በዓመት አንድ ጊዜ 500,000 ዩኒት በአንድ ላይ ሲሰጣቸው፣ ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት የወደቁትም የተሰበሩትም እነሱ ሆነው ተገኝተዋል።

የደም ማቅጠኛን ከውድቀት ጋር ማምታታት

ዋርፋሪንና መሰሎቹ ሰውን አይጥሉም፤ የወደቀ ሰው ላይ ግን መድማትን ያባብሳሉ። ስለዚህ እወድቃለሁ በሚል ፍርሃት ብቻ ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጣቸው ለስትሮክ ያጋልጣል። በአንጻሩ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ አዛውንት ጭንቅላቱን ከተመታ፣ ምንም ሳይሰማው ተነስቶ ቢሄድ እንኳ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። በራስ ቅል ውስጥ የሚፈስ ደም ምልክቱ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊታይ ስለሚችል፣ ከምርመራው በኋላም ቢሆን የራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ ያልተለመደ እንቅልፋምነት፣ የሐሳብ መምታታት ወይም የአንድ ወገን አካል መድከም ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታሉ መመለስ ያስፈልጋል።