ዴስክቶፑ ጓዳ፣ ጌሙ ሳሎን

ዴስክቶፔ ያለው ጓዳ ነው። ክፍሉ ጠባብ፣ ወንበሩ ወገብ ቆራጭ። ቴሌቪዥኑና ሶፋው ደግሞ ሳሎን። ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ከማመላለስ ጌሙን ብቻ መላክ ይሻላል አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጌሙ የሚሠራው ዴስክቶፑ ላይ ነው። ዴስክቶፑ ምስሉን በቪዲዮ መልክ እየጨመቀ ይልካል። እናንተ የምትጫኑት ቁልፍ ደግሞ ወደ ዴስክቶፑ ይመለሳል። ስለዚህ ተቀባዩ ስልክም ሆነ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ቪዲዮ በደንብ ካጫወተ ይበቃዋል።

መጀመሪያ ስሞክረው ጉድ ነበር። ሰውዬውን ዝለል ስለው ገደል ከገባ በኋላ ይዘላል! ግራፊክስ ካርዱን ረገምኩ። ኢንተርኔቱንም ረገምኩ። ሁለቱም ንጹሕ ነበሩ። ዴስክቶፑንም ቴሌቪዥኑንም ያገናኘሁት በዋይፋይ፣ ያውም 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው ሞገድ ነበር። እዚያ ላይ የጎረቤት ዋይፋይ አለ፣ ብሉቱዝ አለ፣ ማይክሮዌቭም አለ። ምስሉ ደግሞ ከዴስክቶፑ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ ቴሌቪዥኑ፣ ሁለቴ በዚያ ግፊያ መሃል ማለፍ ነበረበት።

ስለዚህ ሌላ ምንም ሳትነኩ ዴስክቶፑን ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ኬብል አገናኙ። እኔ ጋ ግማሹ ችግር እዚያው አለቀ። ተቀባዩንም በኬብል ከቻላችሁ እሰየው። ካልሆነ በ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ይሁን፣ ለራውተሩም ቀረብ ይበል። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ አይወድም።

የኢንተርኔታችሁ ፍጥነት እዚህ ውስጥ የለበትም። በሰከንድ 20 ሜጋቢት ስትልኩ በሰዓት 9 ጊጋባይት ይሆናል፤ ግን ከቤት ስለማይወጣ ከኢንተርኔታችሁ አይቆጠርም።

ጌሞቻችሁ ስቲም (ጌም የሚገዛበትና የሚከፈትበት ፕሮግራም) ላይ ከሆኑ ቀላሉ መንገድ እሱ ነው። ዴስክቶፑ ላይ ስቲም ሴቲንግ ውስጥ ሪሞት ፕሌይን አብሩ፣ ተቀባዩ ላይ ስቲም ሊንክ የሚባለውን አፕ ጫኑ፣ የሚያሳያችሁን ቁጥር ዴስክቶፑ ላይ አስገቡ። በቃ።

እኔ ግን ሙሉ ዴስክቶፑን ስለሚያሳየኝ ሰንሻይንና ሙንላይትን እመርጣለሁ። ሁለቱም ነጻ ፕሮግራሞች ናቸው። ሰንሻይን ዴስክቶፑ ላይ፣ ሙንላይት ተቀባዩ ላይ ይጫናል። የሰንሻይን ገጽ ብሮውዘር ውስጥ ሲከፈት ብሮውዘሩ ስለ ደኅንነት ያስጠነቅቃል። አትደንግጡ፣ የራሳችሁ ኮምፒውተር ነው፤ እለፉት። ከዚያ ሙንላይት የሚሰጣችሁን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር እዚያ ጻፉ።

በ1080 ፒክስል፣ በሰከንድ 60 ምስል፣ በ20 ሜጋቢት ጀምሩ። ከተቆራረጠ መጀመሪያ ሜጋቢቱን ቀንሱ፤ ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ይሻላል።

የቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ማብራት እንዳትረሱ። ቴሌቪዥን ምስል ሲያሳምር ጊዜ ይፈጃል፤ በሰከንድ 60 ምስል ሲሄድ ለአንዱ ያላችሁ ደግሞ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ቀን ራውተሩን ሳጠፋና ሳበራ ከረምኩ።

ጆይስቲኩን ከተቀባዩ ጋር አገናኙት። ዴስክቶፑ እንቅልፍ እንዳይወስደውም ስሊፑን አጥፉ።

አንድ ነገር ቀረ። ከሙንላይት ስትወጡ ግንኙነቱን ብቻ ከቆረጣችሁ ጌሙ ጓዳ ውስጥ መሥራቱን ይቀጥላል። ጌሙን ራሱን ዝጉትና ኩዊት የሚለውን ምረጡ። እኔ አንድ ቀን ዘግቼ ወጣሁ ብዬ ተኛሁ፤ ፋኑ ሲያጓራ አደረ።