ፋይሉን ከመንካታችሁ በፊት ማን እንደሚያነበው እዩ

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሞተ ፋይል ስጠግን አመሸሁ። ሰርቨሩ ዴቢያን (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) ነው። ባክአፕ የሚያነሳ አሮጌ ፕሮግራም አለው፤ የማስነሻ ስክሪፕቱ ኢቲሲ ስር፣ ኢኒት-ዲ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። አንድ መስመር ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ደገምኩ፣ አሁንም የለም። ሲያናድደኝ ስክሪፕቱን ሆን ብዬ አበላሸሁትና ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግኩ። ፕሮግራሙ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳ። ለካ ፋይሉን የሚያነበው የለም!

ዴቢያን ከ2015 ጀምሮ፣ ማለትም ከቅጂ 8 ወዲህ፣ ሲስተምዲን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሰርቪሶችን፣ ማለትም ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን፣ የሚያስነሳውን) ነው የሚጭንላችሁ። ከሱ በፊት በነበረው አሠራር፣ በሲስ-ቪ፣ ለዓመታት የተጻፉት የኢኒት-ዲ ስክሪፕቶች ግን በአንድ ሌሊት አይጣሉም። ስለዚህ ሲስተምዲ ስክሪፕት ሲያገኝ ጊዜያዊ ዩኒት (ሰርቪሱ እንዴት እንደሚነሳ የሚገልጽ የሲስተምዲ ፋይል) ይሠራለታል። በዚያው ስም እውነተኛ ዩኒት ካለ ግን ስክሪፕቱን ዞር ብሎም አያየው።

እናም መጀመሪያ ፕሮሰስ ቁጥር 1፣ ማለትም ሲስተሙ ሲነሳ ቀድሞ የሚጀምረው ፕሮግራም፣ ማን እንደሆነ እወቁ። ፕሮክ ፎልደር ስር ያለውን 1 ከፍታችሁ፣ ኮም የምትለዋን ፋይል ካት በሚባለው ትእዛዝ አንብቡ። «ሲስተምዲ» ካለ ግልጽ ነው። «ኢኒት» ብቻ ካለ አትቸኩሉ። ኤስቢን ስር ያለው ኢኒት ወዴት እንደሚያመለክት ሪድሊንክ በሚባለው ትእዛዝ እዩ። አልፓይን በሚባለው ሊኑክስ ላይ ወደ ቢዚቦክስ (ብዙ ትንንሽ ትእዛዞችን በአንድ የያዘ ፕሮግራም) ይወስዳችኋል፤ ሰርቪሶቹን የሚያስነሳው ግን ኦፕን-አርሲ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው። ጀንቱ የሚባለው ሊኑክስም በኦፕን-አርሲ ሲሠራ ቁጥር 1 የሲስ-ቪ ኢኒት ነው።

ጉልቻው ሦስት ነው በሉት፦ ቁጥር 1፣ ሰርቪስ አስነሺው፣ መሣሪያና ሎግኢን ተቆጣጣሪው። ሦስቱ የግድ ከአንድ ቤት መምጣት አያስፈልጋቸውም። ለሰው የሚከብደው ሦስተኛው ነው። መሣሪያ ሲሰካ የሚያውቀው ዩደቭ ድሮ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ነበር፤ በ2012 ወደ ሲስተምዲ ኮድ ገባ። ሲስተምዲን የማይፈልግም ፍላሽ ሲሰካ የሚያውቅለት ነገር ያስፈልገዋል፤ የጀንቱ ሰዎች ኢ-ዩደቭን ቀድተው ያወጡት ለዚህ ነው። ዴስክቶፖችም የሲስተምዲን ሎግኢንድ (ማን እንደገባ የሚከታተለውን) ስለለመዱ ኢ-ሎግኢንድ ተነጥሎ ወጣ። «ሲስተምዲ እኔ ቤት አይገባም» የሚል ጓደኛ ካላችሁ ይህን ቀስ ብላችሁ ንገሩት።

ወደ ጥገናው። ሲስተም-ሲቲኤል ስታተስ ብላችሁ የሰርቪሱን ስም ጻፉ። «ሎድድ» የሚለው መስመር ፋይሉ ያለበትን ይነግራችኋል። መንገዱ ኢኒት-ዲ ውስጥ ሆኖ አጠገቡ «ጀነሬትድ» የሚል ካለ ምንጩ ስክሪፕቱ ነው፤ እሱን አርሙና ሲስተምዲ ፋይሎቹን እንደገና እንዲያነብ ሲስተም-ሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ በሉ። ሊብ ስር ከሆነ ሲስተም-ሲቲኤል ኤዲት ተጠቀሙ፤ ዋናውን በእጅ ከነካችሁት ቀጣዩ አፕዴት ያጠፋባችኋል።

የእኔ ኢቲሲ ስር፣ ሲስተምዲ ፎልደር ውስጥ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ዩኒት ጽፎ አሮጌውን ስክሪፕት ሳያስወግድ ሄዷል። እኔ ስክሪፕቱን ከኢኒት-ዲ ጭራሽ አወጣሁት። ስሙን ቀይሬ እዚያው ብተወው ሲስተምዲ አዲስ ሰርቪስ መጣ ብሎ ይቀበለው ነበር።