በአንድ ሌሊት የሚነቀል ትልቅ የኮንሰርት መድረክ እንዴት ይነደፋል

ጎጃም ውስጥ ዳስ ሲጣል ያየ ሰው የኮንሰርት መድረክን ግማሽ ምስጢር ያውቃል። ምሰሶው ይተከላል፣ አግዳሚው ይታሰራል፣ ቅጠሉ ይለብሳል። ሰርጉ ሲያልፍ ገመዱ ይፈታና አጣናው በሰው ትከሻ ወደ ቀጣዩ ባለ ሰርግ ቤት ይሄዳል። ዳስ የሚጥል ሰው ቋጠሮውን ሲያጠብቅ የሚፈታበትን ቀን እያሰበ ነው። ከከተማ ከተማ የሚዞር የስታዲየም መድረክም እንዲሁ ነው፤ ንድፉ የሚጀምረው ከአፈራረሱ ነው።

ዩቱ የተባለው የአየርላንድ ሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 ዓለምን የዞረበት መድረክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አራት ግዙፍ እግሮች ያሉት፣ ከነጫፉ 50 ሜትር ገደማ የሚረዝም ብረት ሜዳው ላይ ይቆማል፤ ተመልካቹ ዙሪያውን ይከበዋል። የነደፉት ዊሊ ዊልያምስና አርክቴክቱ ማርክ ፊሸር ናቸው። ሰው የሚያወራው ስለ ቁመቱ ነው፤ እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላው ነገር ነው። ብረቱን ማቆም ቀናት ስለሚፈጅ ሦስት ቅጂ አሠሩለት። አንዱ ላይ ሲዘፈን ሁለተኛው በሚቀጥለው ከተማ ይቆማል፣ ሦስተኛው ካለፈው ከተማ ይነቀላል። ድምፁ፣ መብራቱና ስክሪኑ ግን አንድ ብቻ ስለነበር ከባንዱ ጋር አብሮ ይጓዝ ነበር። እኛ ሦስት ቅጂ ብረት አናሠራም፤ ጥያቄው ግን ለእኛም ያው ነው፦ ምኑን ይዤ ልሂድ፣ ምኑን እዚያው ላግኝ?

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ላይ ትልቅ መድረክ ማቆም ለሚመኙ ወጣቶች ነው። ሥዕል የሚችል አለ፣ ብየዳ የሚችል አለ፣ ሳውንድ የሚያውቅ አለ። ሦስቱን አንድ ላይ የሚያስብ ሰው ነው ያነሰን።

መጀመሪያ ሜዳውን በእግር

እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ስታዲየሙ ሄዳችሁ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የክብር እንግዳ የሚቀመጥበትን ተዉት። የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ገደማ ነው፤ መድረኩ በአንዱ ጎል በኩል ከቆመ ማዶ ያለው ሰው ከ100 ሜትር በላይ ይርቃል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር እዩ። 80 ሜትር ላይ የቆመ ዘፋኝ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ የዚያችን ጥፍር ስፋት ያህላል። መድረክ የሚነደፈው ለዚህ ተመልካች ነው፤ ከፊት የቆመው ምንም ብትሠሩ ያያል።

እዚያው ቁጭ ብላችሁ ሦስት ነገር ጻፉ። አንደኛ፣ መኪና የሚገባበት በር ስፋትና ቁመት። ብዙ ቆንጆ ንድፍ የሞተው በር ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ፀሐይ የምትጠልቅበት አቅጣጫ፤ ስክሪኑ ወደ ምዕራብ ከዞረ 11 ሰዓት ላይ ምስሉ ይጠፋል፣ መድረኩ ራሱ በምዕራብ ከቆመ ደግሞ ሕዝቡ ፀሐይን ፊት ለፊት ያያል። ሦስተኛ፣ መሬቱ። ዋልካ አፈር ደረቅ ሲሆን ድንጋይ ነው፤ አንድ ጥሩ ዝናብ ከጣለበት ግን የብረቱን እግር ይውጠዋል። ከእያንዳንዱ እግር ሥር ወፍራም ሳንቃ እንዲነጠፍ ከወዲሁ ዝርዝሩ ውስጥ አስገቡ።

አንድ ምስል ብቻ

አዲስ ነዳፊ ሁሉንም ነገር መድረኩ ላይ ማየት ይፈልጋል፦ ጢስ ዓባይ፣ ማሲንቆ፣ ጎፈሬ፣ አንበሳ፣ ሰንደቅ ዓላማ። ከ100 ሜትር ሲታይ ይህ ሁሉ ዝባዝንኬ ይሆናል። አንድ ሕፃን ቤቱ ሄዶ በከሰል ግድግዳ ላይ ሊሥለው የሚችል አንድ ቅርጽ ምረጡ።

እ.ኤ.አ. በ1980 ፒንክ ፍሎይድ የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ባቀረበው ትርኢት በሙዚቀኞቹና በተመልካቹ መካከል 12 ሜትር ገደማ የሚረዝም ግንብ ጡብ በጡብ እየተሠራ ይሄዳል፤ ግማሽ ላይ ሙዚቀኞቹን ጨርሶ ይጋርዳቸዋል፤ መጨረሻ ላይ ይናዳል። ምስሉ አንድ ነው፣ ማንም ይረዳዋል። ማርክ ፊሸር እዚህም ሥራ ላይ ነበር። ጡቦቹ ካርቶን ናቸው! ቀላል ናቸው፣ ይታጠፋሉ፣ ሲናዱ ሰው አይጎዱም። ሐሳቡና አፈራረሱ አንድ ላይ ተወለዱ ማለት ይህ ነው።

እኔ ለባሕር ዳር ስነድፍ የጣና ታንኳ እመርጣለሁ። ከሐይቁ ዳር ሂዱና የደንገል ታንኳ አፍንጫ እንዴት ወደ ላይ እንደሚቀና አስተውሉ፤ ያቺን አፍንጫ 12 ሜትር አድርጋችሁ ከመድረኩ ጀርባ አቁሟት፤ ባንዱ ታንኳው ውስጥ ይጫወታል። ቅኔ ቤት የተቀመጠ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ቶሎ ይረዳዋል። ዓይን የሚያየው ደንገል ሰሙ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ትራስ ወርቁ ነው። ትራስ የምንለው ከአሉሚኒየም ቱቦ የተሠራውን፣ በ2 ወይም በ3 ሜትር ቁራጭ የሚገጣጠመውን መሰላል መሰል ተሸካሚ ነው። ሰሙን ተሸካሚ አታድርጉት። የታንኳው ቆዳ ተቀዶ ቢወድቅ እንኳ ትራሱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ቆዳው እውነተኛ ደንገል አይሁን፤ ደረቅ ደንገል ለእሳት ቅርብ ነው። ደንገል የተሳለበት ቀዳዳ ያለው ወንፊት ሸራ ይበቃል፤ ከ30 ሜትር በኋላ ማንም አይለየውም።

በካርቶን ሠርታችሁ እዩት

ኮምፒውተር ላይ የሚሠራውን ሥዕል አልንቅም፤ ለመሐንዲሱም ያስፈልጋል። ግን ሰው የሚታለለው ስክሪን ላይ ነው። 1 ሴንቲ ሜትር ለ50 ሴንቲ ሜትር በሚል መጠን ከካርቶንና ከስንደዶ ሞዴል ሥሩ። 20 ሜትር መድረክ 40 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል። ዘፋኙን በክብሪት እንጨት ተኩት፤ ጫፉን ትንሽ ከቆረጣችሁለት 3.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ በዚህ መጠን 1.70 ሜትር ሰው ማለት ነው። ሞዴሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና 1.60 ሜትር ያህል ራቁ። አሁን 80 ሜትር ላይ ናችሁ። መብራት አጥፍታችሁ በስልክ ባትሪ ከጎን አብሩበት። የክብሪቱ እንጨት ካልታያችሁ ዘፋኙም አይታይም፤ ከጀርባው ያለውን ነገር አጨልሙት ወይም መድረኩን ከፍ አድርጉት። እኔ በዚህ አንድ ሙከራ የጣልኳቸው ንድፎች ካቆምኳቸው ይበልጣሉ።

ነፋስ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሰው የሚገድለው ይህ ነውና።

ከዓመታት በፊት በአንድ ከተማ ሜዳ ላይ ከመድረክ ጀርባ ቀዳዳ የሌለው ሸራ ወጥረን ነበር፤ 8 ሜትር በ5 ሜትር። ጠዋት ላይ ቅጠል አይነቃነቅም። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ነፋስ ተነሣ። ሸራው እንደ ጀልባ ሸራ ተነፋ። የቀኙን ገመድ ይዤ ቆሜ ሳለ የምሰሶው እግር ከመሬት አንድ ስንዝር ሲነሣ በዓይኔ አየሁ፤ ተመልሶ ሲያርፍ ድምፁ በእግሬ ሥር ተሰማኝ። አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ዳስ ጣይ ማንንም ሳይጠይቅ ቢላዋውን አውጥቶ ሸራውን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። ነፋሱ አለፈ፣ ምሰሶው ረጋ። የሸራው ዋጋ ብዙ ነበር፤ ከሥሩ ሽቦ የሚዘረጉ ሁለት ልጆች ነበሩ።

አሁን በቁጥር እንየው። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 12 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ስክሪን በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሲመታው ወደ 450 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት እንደሚገፋው ቁጠሩት። ነፋሱ 72 ሲደርስ ግፊቱ 1.8 ቶን ገደማ ይሆናል። ባሕር ዳር ላይ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚነፍሰውን አስቡ፤ ልምምዱ ጠዋት ሰላም ነበር ማለት ለማታው ዋስትና አይደለም።

ስለዚህ ትልልቁ ሸራ ሁሉ ወንፊት ይሁን። እሱም ቢሆን ነፋስ ይይዛል፣ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል፤ በቶሎ የሚወርድበት ገመድ ይኑረው። መልሕቁን፣ ማለትም ገመዶቹ የሚታሰሩበትን ከባድ ነገር፣ ደግሞ በደንብ አስሉ። አንድ ሺህ ሊትር ውሃ የሞላ ሮቶ 1 ቶን ይመዝናል፤ ውሃ በየከተማው ይገኛል፣ ባዶው ሮቶ ለመኪና ቀላል ነው፣ ለእኛ ሥራ የተፈጠረ ዕቃ ይመስለኛል። ግን 1 ቶን ክብደት ወደ ጎን 1 ቶን አይይዝም። እርጥብ ሣር ላይ ከተቀመጠ ከሲሶው ባነሰ ግፊት ሊንሸራተት ይችላል።

ይህ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 13 ቀን 2011 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በአንድ የባዛር ኮንሰርት ላይ ድንገተኛ ነፋስ የመድረኩን ጣሪያ ጥሎት 7 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ገመዶቹ የታሰሩባቸው የኮንክሪት ብሎኮች በቂ እንዳልነበሩ አሳየ። ሌላም ነገር አሳየ፦ ኮንሰርቱ ይቁም የማለት ሥልጣን የማን እንደሆነ በግልጽ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በወረቀት ላይ የአንድ ሰው ስም ይስፈር። ያ ሰው የነፋስ መለኪያውን ያያል፣ መሐንዲሱ የሰጠው ቁጥር ላይ ሲደርስ ስክሪኑን ያስወርዳል፣ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ላይ ሕዝቡን ያስወጣል። ቲኬት የሚሸጠው ሰው ይህን ሥልጣን አይያዝ።

ክብደት

ጣሪያው ላይ የሚሰቀለውን ሁሉ መዝኑ፤ ግምት አይሠራም። ለኪራይ የሚውለው የኤል ኢ ዲ ስክሪን በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ያህል ነው፤ ያ 12 በ6 ስክሪን ብቻውን ከ2 ቶን ያልፋል ማለት ነው። ወለሉ በካሬ ሜትር 500 ኪሎ የሚችል ይሁን። እስክስታ የሚመቱ 20 ሰዎች በአንድ ምት አብረው መሬት ሲረግጡ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ከቆመ ሰው ክብደት ይበልጣል። ስሌቱን ፈቃድ ያለው የግንባታ መሐንዲስ ይፈርምበት። እኔ ነዳፊ ነኝ፤ ስለ ብረት የመጨረሻው ቃል የመሐንዲሱ ነው።

ድምፅ፣ ስክሪንና ኃይል

ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። 100 ሜትር የራቀ ሰው የዘፋኙን አፍ ስክሪን ላይ ካየ ከ0.3 ሴኮንድ ገደማ በኋላ ነው ድምፁን የሚሰማው። ሜዳው መሐል ላይ ተጨማሪ የስፒከር ማማዎች ይቆማሉ፤ ሳውንድ ማኑ ከዋናው ስፒከር የሚመጣውን እንዲጠብቁ አድርጎ ያዘገያቸዋል። ነዳፊው ማማዎቹን ከወዲሁ ንድፉ ላይ ካላስገባ በኋላ መጥተው ታንኳችሁን ይጋርዱታል።

ስክሪን ስትከራዩ ነጥቦቹ የተራራቁበትን ሚሊ ሜትር ጠይቁ። በልምድ የሚሠራበት ሒሳብ፣ ነጥቦቹ በ5 ሚሊ ሜትር ከተራራቁ ከ5 ሜትር ጀምሮ ጥሩ ይታያል የሚል ነው። የመጀመሪያው ተመልካች 8 ሜትር ርቆ ከቆመ በ3 ሚሊ ሜትሩ ላይ ገንዘብ አታባክኑ።

ጀነሬተሩን በተመለከተ፣ ለድምፅ አንድ ለመብራት አንድ ይሁን፤ መሬት ውስጥ የሚቀበር የኤርዝ ሽቦ ለብረቱ ሁሉ ይሰጠው። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ቆላ ላይ የበቃ ጀነሬተር እዚያ ላይበቃ ይችላል።

መኪናው ላይ መጫን

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዕቃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን ይወጣል። በዚያ ጥምዝምዝ መንገድ ላይ ያልታሰረ ነገር ሁሉ ቦታውን ይለቃል። ከ3 ሜትር የሚረዝም፣ አራት ሰው የማያነሣው ቁራጭ አትንደፉ። እያንዳንዱን ቁራጭ ቁጥር ጻፉበት፤ የግራውን ጎን ቢጫ፣ የቀኙን ሰማያዊ ቀቡት፤ በጨለማና በዝናብ ያለው ሠራተኛ ንድፍ አያነብም፣ ቀለም ግን ያያል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው መጨረሻ ይጫን፦ ሳንቃውና የወለሉ እግር በሩ አጠገብ፣ የታንኳው ቆዳ ከውስጥ።

ማፍረስ

ይህ ከተሠራበት በተቃራኒው ይሄዳል፤ መጀመሪያ ድምፅና መብራት፣ ከዚያ ስክሪን፣ ከዚያ ቆዳው፣ ትራሱ፣ በመጨረሻ ወለሉ። ሮቶዎቹ የሚደፉት ከፍ ያለው ነገር ሁሉ መሬት ከደረሰ በኋላ ብቻ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የደከመ ሰው ቶሎ ለመጨረስ ውሃውን አስቀድሞ መድፋት ያምረዋል፤ ስለዚህ የሮቶዎቹን መክፈቻ ቁልፍ አንድ ሰው ኪሱ ውስጥ ይያዝ።

መኪናው ሲወጣ ጎሕ እየቀደደ ይሆናል። ማግኔት በረጅም እንጨት ላይ እሰሩና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ጎትቱት። ብሎን፣ ሚስማር፣ የሽቦ ቁራጭ ይሰበስባል። ያንኑ ቀን ከሰዓት ልጆች በባዶ እግራቸው ኳስ ይጫወቱበታል።