ነርሶች፣ ጠባይ እና የወረርሽኝ ሰቀቀን፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ተገኘ ከተባለበት ቀን ጀምሮ ነርሶች ያዩትን ነገር እስካሁን በቅጡ ያወራነው አይመስለኝም። ያወራን ጊዜም ወሬው ቶሎ ወደ ሰው ጠባይ ይዞራል፣ "እሷ ድሮም ሆደ ባሻ ናት"፣ "እሱ ግን ብረት ነው ምንም አይነካውም" ምናምን። ጠባይና ሰቀቀን (ከባድ ነገር አይቶ ውስጥ የሚቀር ጉዳት፣ በእንግሊዝኛው ትራውማ) ይገናኛሉ፣ እሱ ውሸት አይደለም፣ እኛ ግን የምናገናኝበት መንገድ ብዙ ጊዜ የተጣመመ ነው፣ ጣጣው ደግሞ የሚተርፈው ለታመመችው ነርስ ነው። እኔም ኮቪድ ዋርድ የሰራሁ ነርስ ስለሆንኩ ከዱቲ (ተረኛ) ክፍል እስከ ማትሮን (የነርሶች ኃላፊ) ቢሮ ስሰማቸው የኖርኳቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ።

"ድሮም ጠባይዋ ነው" ብሎ ፋይሉን መዝጋት

ይሄ ዋናው ነው። አንዷ ነርስ እንቅልፍ አጣች፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፣ ያ ዋርድ ባለበት ኮሪደር ማለፍ አልቻለችም፣ ከዛ አለቃዋ "ስስ ናት" ብሎ ይገላገላል። እስቲ ቁጥሩን እንየው። በፈረንጆቹ 2020 ጥር መጨረሻ ላይ ቻይና ውስጥ በ34 ሆስፒታሎች 1,257 የጤና ባለሙያዎች ተጠይቀው 71.5 በመቶዎቹ የሰቀቀን ጭንቀት ምልክት አሳይተዋል። ከመቶ ሰባ ምናምኑ ሁሉ ስስ ሆኖ ተፈጠረ ልንል ነው? ደግሞ የባሰባቸው እነማን ናቸው ሲባል ነርሶች፣ ሴቶች፣ ወረርሽኙ በተነሳባት ውሃን ከተማ የሚሰሩት እና ኮቪድ በሽተኛን በቀጥታ የሚነኩት ናቸው። የውሃን ነርስ ጠባይዋ ከሌላው ከተማ ነርስ ተለይቶ አይደለም፣ የቆመችበት ቦታ ነው የተለየው።

ካናዳ ቶሮንቶም በፈረንጆቹ 2003 ሳርስ በሚባለው የመተንፈሻ ወረርሽኝ ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ሲጠየቁ የሳርስ በሽተኛ ያከሙ ሆስፒታሎች ሰራተኞች ካላከሙት ይልቅ የዛሉና የተጨነቁ ነበሩ፣ ስልጠናውና ድጋፉ በቂ ነበር ያሉት ደግሞ በተሻለ ሁኔታ ወጥተውታል። ስልጠናና ድጋፍ የሚሰጠው ሆስፒታሉ ነው እንግዲህ፣ በእናት ማህፀን የሚገኝ ነገር አይደለም። ለዛ ነው አለቃ ስለ ጠባይ ማውራት ሲጀምር የኔ ጆሮ የሚቆመው፣ ስለ ፒፒኢ (መከላከያ ልብስና ጭምብል)፣ ስለ ሰው ቁጥርና ስለ እረፍት እንዳይጠየቅ ምቹ መሸሸጊያ ነዋ።

ተቃራኒውም ስህተት ነው፦ "ጠባይ ምንም አያገባውም"

በዚህ በኩል ደግሞ ለጓደኛ ተቆርቁረን የምንስተው አለ። የስነ ልቦና ሰዎች ባህርይን ብዙ ጊዜ በአምስት ይከፍሉታል፣ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጠንቃቃነት፣ ተጫዋችነት፣ ከሰው ጋር ተስማሚነት እና ኒውሮቲሲዝም የሚሉት፣ ማለትም ቶሎ የመከፋት፣ የመስጋትና የመረበሽ ዝንባሌ። ከአምስቱ ከሰቀቀን ምልክት ጋር በተደጋጋሚ ተያይዞ የሚገኘው ይሄ የመጨረሻው ነው። የአይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) ሞኒተርን አስቡት፣ አንዱ ላይ ኦክስጅን ሲወርድ የሚጮኸው አላርም 90 ላይ ተሞልቷል ሌላው ላይ 80 ላይ፣ በሽተኛው አንድ ቢሆንም አንደኛው ቀድሞ ይጮሃል። ቀድሞ የጮኸው ተበላሸ ማለት አይደለም፣ እንደውም አንዳንዴ በሽተኛ የሚያተርፈው እሱ ነው።

ስለዚህ ጠባይን ማወቅ ይጠቅማል፣ ግን ለፍርድ ሳይሆን ለጥንቃቄ። ቶሎ የምትረበሽ መሆኗን የምታውቅ ነርስ ከሶስት ናይት በኋላ እረፍት መጠየቅ እንዳለባት ታውቃለች፣ አንድ የሚያዳምጣት ሰው ቀድማ ታዘጋጃለች። ዝምድናው ደግሞ በብዙ ሰው አማካይ የተገኘ ነው፣ አንዲት ሰው ላይ ተነስቶ ትንቢት መናገሪያ አይሆንም።

ከጉዳት በኋላ የታየውን ሰው "ትክክለኛዋ እሷ" ማድረግ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም የተማረውም ሰው ይሳሳታል። አንዲት ነርስ ስድስት ወር ኮቪድ ዋርድ ሰርታ ወጣች እንበል፣ ከዛ የባህርይ መጠይቅ ተሰጣት፣ "ቶሎ እናደዳለሁ"፣ "ብዙ ነገር ያሳስበኛል"፣ "ስሜቴ ቶሎ ይለዋወጣል" የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ላይ አዎ አዎ እያለች ሞላች። ውጤቱ ኒውሮቲሲዝሟ ከፍተኛ ነው ይላል። እሺ፣ ግን ቶሎ መናደድ፣ መደንገጥ፣ ከሰው መራቅ፣ ቀድሞ በሚያስደስት ነገር አለመደሰት ራሳቸው እኮ የሰቀቀን ህመም ምልክቶች ናቸው! በሁለት ወረቀት አንድ ነገር ጠይቀን "ተያይዘው ተገኙ" ብለን እንገረማለን።

በወረርሽኙ ጊዜ ከወጡት ጥናቶች አብዛኞቹ ደግሞ በአንድ ጊዜ በኦንላይን ፎርም የተሞሉ ናቸው፣ ከወረርሽኙ በፊት ሰዎቹ ምን ይመስሉ እንደነበር የሚያሳይ ነገር የላቸውም። ጠባይ ጉዳቱን አባባሰው ወይስ ጉዳቱ ጠባይ ለወጠ የሚለውን ከእንደዚህ አይነት መረጃ መለየት አይቻልም፣ ምናልባት ሁለቱም ነው።

እቤትም ይሄው ነው የሚሆነው። ባል "ድሮም ነጭናጫ ነሽ" ይላል፣ ኧረ ድሮ አልነበረችም! ከ2012 በፊት የሰርግ ዘፈን አውጪዋ እሷ ነበረች። እህቷን፣ የኮሌጅ ጓደኛዋን፣ አብራት ዱቲ ያደረችውን ጠይቁ። "ከኮሮና በፊት እንዴት ነበረች?" የሚለው አንድ ጥያቄ ከረጅም ፎርም የበለጠ ሊናገር ይችላል።

ሁሉንም "ትራውማ" ብሎ መጥራት

አሁን ሁሉም ነገር ትራውማ ሆኗል፣ አለቃ ሲቆጣም ትራውማ ነው። ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ ማለትም የሰቀቀን ህመም፣ ግን የራሱ መስፈርት አለው፣ ሞት ወይም ከባድ አደጋ ያንዣበበበት ነገር መኖር አለበት፣ ከዛ ነገሩ በህልምም በእውንም እየተመለሰ ይመጣል፣ ሰውየው የሚያስታውሰውን ሁሉ ይሸሻል፣ ስለ ራሱና ስለ ዓለም ያለው ሀሳብ ይጨልማል፣ ሰውነቱ ሁሌ ዘብ ቆሞ ያድራል፣ ይሄ ሁሉ ከአንድ ወር በላይ ሲቆይና ኑሮውን ሲያውክ ነው። ከሶስት ቀን እስከ አንድ ወር ያለው አጣዳፊ የጭንቀት ህመም ይባላል። በርንአውት (በስራ ብዛት መዛል) ሌላ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከስራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ ብሎ አልመዘገበውም፣ መፍትሄውም በአብዛኛው ስራው ላይ ነው ያለው።

ከነዚህ ሁሉ ውጪ የሆነ ቁስልም አለ፣ የህሊና ጉዳት የሚባለው። እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ በማለዳ ተሂዶ ሰውየው በሰው ተከቦ ነው የሚረዳው። በኮቪድ ጊዜ ይሄን ሁሉ ስርዓት አንዲት ነርስ ብቻዋን በስልክ ተሸከመችው። የሟች ስልክ ኮሞዲኖው ላይ ይጠራል፣ ስክሪኑ ላይ "እማዬ" ይላል፣ አንስታ ምን ትበል? ካላነሳች ደግሞ መልሶ ይጠራል። እሷ ጓንት ላይ ጓንት አድርጋ የሟችን ጫማና ጋቢ በላስቲክ እያሰረች ነው። እንዲህ ያለችው ነርስ የሚያሰቃያት ፍርሃት ላይሆን ይችላል፣ "እንደ ሰው አላደረግኩም" የሚለው ጸጸት ነው፣ አይዞሽ አትፍሪ ብትሏት የምትሉት ነገር ከነገሯ ጋር አይገናኝም። በተለይ ጠንቃቃ የሆነችው፣ ቻርቷን ሳትሞላ የማትወጣዋ፣ ሁሉን በስርዓቱ የምታደርገዋ፣ አልጋና ኦክስጅን ሳይበቃ ሲቀር የራሷ ጥፋት አድርጋ ስትወስደው አይቻለሁ። በደህናው ጊዜ የምትመሰገንበት ጠባይ ነው በክፉው ቀን ጎኗን የሚወጋት።

ቴስት ሰጥቶ መመደብ

"የባህርይ ፈተና እንስጥና ጠንካራዎቹን ኮቪድ ዋርድ እንላክ" የሚል ሀሳብ ብልህ ይመስላል። አይደለም። ፈተናው ማን እንደሚታመም አንድ በአንድ ለይቶ መናገር አይችልም፣ ስራዋን የምትፈልግ ነርስ ምን ብላ መሙላት እንዳለባት አታጣውም፣ "ጠንካራ" የተባሉት ደግሞ ዙሩ ሳይቀየርላቸው ወር ከወር እዛው ይረሳሉ። ፈረቃውን ማዟዟር ይሻላል፣ በቃ።

ዝምተኛዋን ደህና ናት ብሎ ማለፍ

ሲስተር እከሌ ቻይ ናት ይባላል። አታለቅስም፣ አትቀርም፣ ሌላው ሲቀር እሷ ትሸፍናለች። ከምልክቶቹ አንዱ ግን ስሜት መደንዘዝ ነው፣ ሌላው ደግሞ ላለማሰብ ብሎ ስራ ውስጥ መደበቅ። ተጨማሪ ዱቲ የምትለምነዋን ነርስ ገንዘብ ፈልጋ ነው ከማለታችሁ በፊት እቤቷ ስትገባ ምን እንደሚጠብቃት አስቡ (ገንዘብም ሊሆን ይችላል፣ የነርስ ደሞዝ ይታወቃል)። እኛ ደግሞ ቻይነትን እንደ ምግባር ስለምናወድስ የተመሰገነ ሰው ምስጋናውን አፍርሶ "አቃተኝ" ማለት ይከብደዋል።

የስልክ ቴስት ውጤትን ምርመራ ማድረግ

ፒሲኤል-5 የሚባል የፒቲኤስዲ ምልክት መጠይቅ አለ፣ 20 ጥያቄ ነው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 80። ከ31 እስከ 33 አካባቢና ከዛ በላይ ሲሆን ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት ይባላል። መታየት አለበት ነው የሚለው፣ ታመሃል አይልም። አንዱ ልጅ 35 አምጥቶ ስራ ሊለቅ ደርሶ ነበር፣ ሌላዋ 28 አምጥታ "ከመስመር በታች ነኝ" ብላ ሳትታከም ዓመት ቆየች፣ ግን መኪና ውስጥ ካልሆነ አትተኛም ነበር። ቁጥሩ የሀኪም ወይም የሳይካትሪ ነርስ በር ማንኳኪያ ነው።

ሁሉንም ሰብስቦ "በሉ ያያችሁትን ተናገሩ" ማለት

ይሄ በቅንነት የሚደረግ ነው። ከከባድ ናይት በኋላ ሁሉንም አዳራሽ ሰብስቦ አንድ በአንድ ማናዘዝ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ እንዲህ ያለ የግዴታ ውይይት ፒቲኤስዲን እንደማይከላከል ከታወቀ ቆይቷል፣ የህክምና መመሪያዎችም አይመክሩትም። ጠባይም እዚህ ጋ በደንብ ይገባል፣ ተጫዋቿ እያወራች ይቀላት ይሆናል፣ ቁጥቧ ግን ማትሮኗ ፊት ያን ሌሊት እንድትተርክ ሲደረግ ሌላ ሌሊት ነው የሚጨመርባት። ይልቅ ውሃ፣ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ወደ ቤት የሚያደርስ መኪና፣ እና "ማውራት ስትፈልጊ እዚህ ነኝ" ማለት። ማውራት የፈለገን ግን አታስቁሙት ደግሞ፣ "ተይው እርሺው" የሚባለው ነገር ሰው ይዘጋል።

በኪኒን፣ በመጠጥ፣ በጫት ማስታገስ

እኛ ነርሶች መድሃኒቱ እጃችን ላይ ስላለ ይሄ በተለየ ያሰጋል። ዳያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ ኪኒን ለአንድ ሌሊት ያስተኛል፣ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከሰቀቀን በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለጭንቀቱም ለእንቅልፍ ማጣቱም እንዳይሰጥ ነው የሚመክረው፣ ሱስም አለው። ናይት ለመቆም ጫት፣ ቀን ለመተኛት ቢራ የሚለውን ዙር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ለፒቲኤስዲ የሚሰሩ ህክምናዎች አሉ፣ ሰቀቀኑ ላይ ያተኮረ የንግግር ህክምና፣ ዓይንን እያንቀሳቀሱ ትዝታውን የሚያክሙበት ኢኤምዲአር የሚባለው፣ ከመድሃኒት ደግሞ እንደ ሰርትራሊን ያሉ የድብርት መድሃኒቶች። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ ክኒኑን ግን ሳያቋርጥ፣ የሁለቱን ጸብ የፈጠርነው እኛ ነን።

"ኮሮና እኮ አለቀ"

የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታውን ግንቦት 2023 በፈረንጆቹ አነሳ፣ የኮቪድ ማከሚያ ሆኖ የነበረው ሚሊኒየም አዳራሽም ወደ ኮንሰርቱና ኤግዚቢሽኑ ተመለሰ። ሰው ግን እንደ አዳራሽ አይደለም። ምልክቱ ከስድስት ወር በላይ ዘግይቶ ሙሉ በሙሉ የሚወጣበት ሁኔታ አለ፣ አንዳንዴ ስራው ሲቀልና ሰው ቁጭ ሲል ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሚሰሩ የኛ ልጆችም ያን ጊዜ ያሳደጓቸውን ያህል የሚወዷቸውን አዛውንቶች በላይ በላዩ ቀብረው፣ ሁለት ስራ እየሰሩ፣ ለማልቀስ ጊዜ ያልነበራቸው ብዙ ናቸው፣ አሁን ነው ሀኪም ቤት "ልቤ ይመታል" ብለው የሚሄዱት። ኢሲጂው (የልብ ምርመራው) ደህና ነው ይባላሉ። ልባችሁ ደህና ነው ከተባላችሁ በፈረንጆቹ 2020 ላይ የት ትሰሩ እንደነበር እናንተው ንገሯቸው፣ እነሱ ላይጠይቁ ይችላሉ።

እዚህም በኛ አቆጣጠር ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባለው ገዳይ ቫይረስ ሲገኝ ብዙ የኮቪድ ዘመን ነርሶች ስልካቸው ላይ ዜናውን ሲያዩ እጃቸው ላብ በላብ ሆኗል። ለአዲሱ ወረርሽኝ ስም ዝርዝር ስታወጡ ማን ባለፈው የት እንደሰራ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየና እስከዛሬ አንድ ሰው "እንዴት ነሽ" ብሎ ቁጭ ብሎ ጠይቋት ያውቅ እንደሆነ ሮስተሩን (የፈረቃ ዝርዝሩን) ከመለጠፋችሁ በፊት ጠይቁ፣ "አይ ደህና ነኝ" ካለች ደግሞ ከሳምንት በኋላ መልሳችሁ ጠይቋት።