የፊት አክስል ሲረጥብና ሲሰበር፦ ወፍራም አክስል ከመግዛታችሁ በፊት

ሐዋሳ ውስጥ ላንድ ክሩዘርና ሃይሉክስ ስፈታ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። የቡና ለቀማ ሲደርስ ከዳዬ፣ ከአሮሬሳ፣ ከይርጋጨፌ ጭቃ የወጡ መኪኖች በሩ ላይ ይሰለፋሉ። ባለቤቶቹ ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ «ጠንካራ አክስል የት አገኛለሁ?» አክስል የሚሉት ጎማውን የሚያዞረውን ሻፍት ነው። ስፈታው ግን አብዛኛውን ጊዜ አክስሉ ደካማ ሆኖ አላገኘውም። በዙሪያው ያለው ዕቃ ቀድሞ ሞቶ አክስሉን ይዞት ሄዷል።

የዘይት ልክ፣ የጎማ ንፋስና የጎማ ዳዶ አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። የማወራው ፊቱ ላይ ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ አክስል ስላላቸው መኪኖች ነው፤ 70ው ላንድ ክሩዘር፣ 80ው እና የድሮው ሃይሉክስ። የፊት እግሩ ለየብቻ የሚጫወተው ሃይሉክስ ሌላ ሥራ ነው።

ምልክት፦ ከፊት ጎማ ጀርባ ያለው ክብ ቤት ረጥቦ ጥቁር፣ ቀጭን ነገር ያንጠባጥባል

ከአሥር መኪና ስምንቱ የሚመጣልኝ በዚህ ነው ብል አላጋነንኩም። ከዲፈረንሻሉ የሚወጣው ሻፍት በአክስሉ ቱቦ አልፎ ክቡ ቤት ውስጥ ይገባል። እዚያ ስድስት የብረት ኳሶች የያዘው መገጣጠሚያ፣ ቢርፊልድ የምንለው፣ መሪው ሲዞርም ኃይሉን ለጎማው ያደርሳል። ቱቦው ውስጥ ያለው የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ ክቡ ቤት ውስጥ ያለው ግራሶ። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ የውስጥ ኦይል ሲል፣ ሻፍቱን አቅፎ ዘይት የሚያግደው ቀለበት፣ ብቻ ነው። እሱ ሲያልቅ ዘይቱ ወደ ግራሶው ይገባል፣ ግራሶው እንደ ሾርባ ይቀጥናል፣ ከዚያ በውጪው በኩል ይወጣል።

ሾፌሩ የሚያየው የውጪውን ነው። ስለዚህ የውጪውን ላስቲክና ፈልት ያስቀይራል። ይህ ገንዘብ መጣል ነው! የውጪው የተሠራው ጭቃና አቧራ እንዳይገባ ነው፤ ዘይት አያቆምም። አንድ የበንሳ ነጋዴ የውጪውን ሦስት ጊዜ አስቀይሮ ነበር። በአራተኛው፣ ዳገት ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ፎር ሎው (በአራቱም ጎማ የሚጎትተውን ከባድ ማርሽ) አስገብቶ ወደ ኋላ ሲወጣ ቢርፊልዱ ፈነዳ። ወደ እኔ ሲመጣ አዲስ ወፍራም አክስል በካርቶን ታቅፎ ነው። ስፈታው ቤቱ ውስጥ አንድ ማንኪያ ግራሶ አልነበረም፤ የታችኛው የኪንግ ፒን፣ ክቡ ቤት ከመሪው ጋር የሚዞርበት ምሰሶ፣ ኩሽኔታም ዝጎ ደርቋል። አዲሱን አክስል እንደዚያው ብገጥመው ኖሮ በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ሞት ይሞት ነበር።

የፊት ፍሬንም ይጠፋል። የወጣው ዘይት ዲስኩን ሲነካ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። ከይርጋለም በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሸራው ዘይት ከጠጣ በቤንዚን ማጠብ አያድነውም፣ ቀይሩት።

አዲሱ ሲል በሁለት ወር ከተፋ፦ ምክንያቱ ሲሉ አይደለም

አንድ ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር በአንድ ዓመት አራት ጊዜ ሲል ተቀይሮለት መጣ። የቀየሩት ሁሉ ሲሉን አይተዋል፤ ሻፍቱ ለምን እንደሚንገዋለል ያየ የለም። ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የኪንግ ፒን ኩሽኔታ። ሲያልቅ ክቡ ቤት ከቦታው ይንሸራተታል፣ ሻፍቱ የሲሉን መሃል ይስታል። ሁለተኛ፣ ስፒንድሉ (ሻፍቱ በመሃሉ የሚያልፍበት፣ ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ) ውስጥ ያለው የነሐስ ቡሽ። ከተበላ ሻፍቱ ይወርድና የሲሉን አንድ ጎን እየተጫነ ይበላዋል። ሦስተኛ፣ ሲሉ ሻፍቱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ። ጥፍራችሁን አስኪዱበት፤ ጥፍር የሚይዝ ጎድጓድ ካለ ምንም ዓይነት ሲል አያቆመውም። ያ ሃርድ ቶፕ ሦስቱም ነበሩበት።

ሳይፈታ የሚታወቅበት መንገድ አለ። የፊቱን በክሪክ አንሱና ከአክስሉ ሥር መቆሚያ አስገቡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተጫወተ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ ጨዋታው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ኪንግ ፒኑ ነው። ይህን ሳያደርግ ሲል የሚቀይር መካኒክ ገንዘባችሁን እየበላ ነው።

የዲፈረንሻሉን ትንፋሽ ማውጫም እዩ። ሲደፈን፣ አክስሉ ሲሞቅ የታመቀው አየር ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። የሞቀ አክስል እንደ ጊዳቦ ያለ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በድንገት ይቀዘቅዝና ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቷል፤ ዛሬውኑ ቀይሩት። ከትንፋሹ ላይ ቱቦ ቀጥላችሁ ወደ ሞተር ክፍል ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። አክስል ላይ ከሚደረግ ማሻሻያ ሁሉ በዋጋ ትንሹ፣ በጥቅም ግን ትልቁ ይህ ነው።

አፈታቱ ላይ

የሃቡ፣ ጎማው የሚታሰርበት ዕቃ፣ ዳዶ 54 ቁጥር ቡሶላ ይፈልጋል። በመሮና በመዶሻ እየተመታ የሚፈታ ዳዶ ሳይ ያመኛል፤ ጥርሱ ይበላሻል፣ የጎማው ኩሽኔታ በልኩ አይጠብቅም፣ ጎማው ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ደግሞ «አክስሉ ተጣመመ» ይባላል። ቡሶላው የሌለው ጋራዥ መኪናውን አይንካው።

ኪንግ ፒኑ ላይ ያሉት ቀጫጭን ሺሞች ከላይና ከታች፣ ከቀኝና ከግራ ሳይቀላቀሉ ለየብቻ ይቀመጡ። ክቡ ቤት መሃሉን የሚያገኘው በእነሱ ነው። አንድ ጊዜ አራቱም በአንድ ጣሳ ተጥለው መጥተውልኝ ልኩን ለማግኘት ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል።

ሁሉንም በናፍጣ አጥባችሁ አድርቁ። ቢርፊልዱን በሞሊብዲነም ግራሶ፣ በጥቁሩ፣ ኳሶቹ መሃል እስኪገባ ጠቅጥቁት፤ ክቡን ቤት ደግሞ ሦስት አራተኛውን ሙሉ። ክዳኑ ተከፍቶ አቧራ ሲጠጣ ከከረመ ባልዲ የተዘገነ ግራሶ አትቀበሉ። በላይኛው ቡሎን በኩል አዲስ ግራሶ ጨምሮ መሸኘትም ጥገና አይደለም፣ ሾርባው ላይ መጨመር ነው።

ሲል ስትገዙ ካርቶኑን አትመኑ። ሶማሌ ተራም ሆነ እዚህ፣ ፎርጂዱ ከኦርጂናሉ ጎን ይሸጣል። ከንፈሩን ከውስጥ የሚያቅፈውን ቀጭን ሞላ በጥፍር ንኩት፤ ላልቶ ከወጣ መልሱ። ከመግጠማችሁ በፊት ሻፍቱ ላይ አስገቡት፤ ዙሪያውን እኩል ካልያዘ መልሱ።

ምልክት፦ መሪ ተጠምዝዞ ሲነዳ ቀጭ ቀጭ ይላል

ቢርፊልዱ ተበልቷል። ወደ ፊት በሚነዳበት ጎን ብቻ ከተበላ የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ ማዛወር ይቻላል፤ ያልተበላው ጎን ሥራውን ይረከባል። የገንዘብ አቅም እስኪገኝ ያገለግላል። ኳስ ወይም የኳሶቹ ቤት ከተሰነጠቀ ግን አይሆንም።

ወፍራም አክስል በእውነት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሻፍቱን አውጥታችሁ ጥርሶቹን ከጫፍ እዩ። ቀጥ ብለው ካልሄዱና እንደ ገመድ ከተጠመዘዙ፣ ከአቅሙ በላይ ተጎትቷል፤ ይህ ትክክለኛ ምልክት ነው። ብዙውን ጊዜ ጎማው ከ33 ኢንች ያለፈና ዲፈረንሻል ሎክ (ግራና ቀኝ ጎማውን እኩል የሚያዞር) የተገጠመለት መኪና ላይ አየዋለሁ። የሻፍት ጥንካሬ የሚያድገው ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው፤ ውፍረቱ 10 በመቶ ሲጨምር የመጠምዘዝ አቅሙ በ33 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የብረቱ ዓይነትም ይለያል፤ ክሮሞሊ የሚባለው ከተለመደው ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን አስቡ። ሻፍቱን ስታጠነክሩ ስብራቱ ወደሚቀጥለው ደካማ ቦታ ይሄዳል፣ ያም ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ጥርሶች፣ ኮሮናና ፒኞኑ ነው። ሻፍት መንገድ ዳር ይቀየራል፤ ፒኞን አይቀየርም። ለቡና ጭነት በፋብሪካው ጎማ የሚሠራ መኪና ከሆነ ኦርጂናል ሻፍት፣ ጤነኛ ሲልና ንጹሕ ግራሶ ይበቃዋል ብዬ ነው የምመልሰው።

ቶርኖ ቤት ከተገኘው ብረት የተቀረጸ ሻፍት በፍጹም አታስገቡ፤ በሙቀት ያልጠነከረ ብረት ይጠመዘዛል። የተበየደ ሻፍትም እንደዚያው።

ሙሉ አክስል ከሌላ መኪና የምታወርዱ ከሆነ

ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው ከባዱ 70 ጎማው ባለ 5 ቡሎን ነው፤ የድሮውና ሃይሉክሱ ባለ 6። የባሌስትራው ማረፊያም ርቀቱ ይለያያል። ከሁሉ የሚጎዳው ግን የዲፈረንሻሉ ቁጥር ነው፤ ጎማዎቹ አንዴ እንዲዞሩ ፕሮፔለር ሻፍቱ (ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያደርሰው ረጅሙ ሻፍት) ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚናገረው። ያገለገለ የኋላ ዲፈረንሻል ገጥሞ «ፎር ዊል ሳስገባ መኪናው ይታሰራል» ያለኝ ሰው ነበር፤ ፊቱ 4.1፣ ኋላው 4.3 ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ 5 በመቶ ገደማ ነው፤ በየ100 ሜትሩ ፊትና ኋላ 5 ሜትር ይጓተታሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት አይታወቅም። ደረቅ ድንጋያማ ዳገት ላይ ሻፍት ይሰብራል።

ሳትከፍቱ ቁጠሩ። መኪናውን በሽብልቅ አግቱ፣ ማርሹን ነጻ አድርጉ፣ አንድ ጎማ ብቻ አንሱ። ያንን ጎማ 20 ጊዜ ስታዞሩ ፕሮፔለር ሻፍቱ 41 ጊዜ ከዞረ 4.1 ነው፣ 43 ከሆነ 4.3። የእጅ ፍሬኑ ስለሚለቀቅ ያለ ሽብልቅ አትሞክሩት። ፊትም ኋላም አንድ ካልሆነ ዕቃውን መልሱ።

ምልክት፦ የኋላ ጎማ መሃል ላይ ቀይ አቧራ ከዘይት ጋር

በከባዱ 70 ላይ ሻፍቱን ከሃቡ ጋር የያዙት ስድስቱ ዳዶዎች ላልተዋል። ሾጣጣ ሮንዴላዎቹ ሳይጎድሉ ተመልሰው ይግቡ፤ ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ሃቡ ይቀየራል። አንዱ ሻፍቱን ከሃቡ ጋር በይዶት መጣ፤ የጎማውን ኩሽኔታ ለማየት በግራይንደር መቁረጥ ግድ ሆነ።

የኋላ ሻፍት ጫካ ውስጥ ከተሰበረ፣ እንደ ከባዱ 70 የሻፍቱ ራስ በዳዶ ከሃቡ ጋር የታሰረለት መኪና ዕድለኛ ነው፤ ጎማውን የሚሸከመው ሃቡ እንጂ ሻፍቱ ስላልሆነ አይወድቅም። ሃይሉክስ ላይ ግን ጎማው ከሻፍቱ ጋር ሊወጣ ስለሚችል በዚያ አትንዱ፣ አስጎትቱ። በላንድ ክሩዘሩ የተሰበረውን አውጡ፣ የሃቡን አፍ በፕላስቲክና በገመድ ድፈኑ፣ የኋላውን ፕሮፔለር ሻፍት ፍቱ፣ ፎር ዊል አስገቡና በፊት ጎማ ብቻ ቀስ ብላችሁ ውጡ። ጭነቱን ግን እዚያው አራግፉት።